ዘመዳችሁ በዕዳ ሲያዝ፦ ማበደር፣ መስጠት ወይስ «አልችልም» ማለት?

 

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! የዛሬው ርዕሳችን ብዙዎቻችሁ ደመወዝ መቀበል ወይም ትንሽ ሱቅ መክፈት ስትጀምሩ የሚገጥማችሁ ነው። አጎት፣ የአክስት ልጅ ወይም ታላቅ ወንድም ይደውላል። ሰላምታው ይረዝማል፤ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ይጠየቃል። ከዚያ ዝም ይላል። ጥያቄው ያለው ዝምታው ውስጥ ነው፦ «ትንሽ ብር ብታበድረኝ፣ በወር ውስጥ እመልሳለሁ።» ዕዳ እንዳለበት አስቀድማችሁ ሰምታችኋል። ትንሽ ዕዳም አይደለም።

እሺ ብትሉ ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል። እምቢ ብትሉ ዝምድናው ይቆስላል። ሁለቱንም ፈርታችሁ «እስቲ አያለሁ» ትሉና ስልክ ማንሳት ታቆማላችሁ። ከሁሉም የከፋው መንገድ ይሄኛው ነው። ሰውየው ገንዘቡንም አላገኘ፣ መልሱንም አላገኘ፣ ዘመዱንም አጣ።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ በግምት እንድንሄድ አልተወንም። በሱረቱል ኢስራእ ውስጥ ተቀራርበው የሚገኙ አንቀጾች ነገሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጡልናል። አንቀጽ 26 ለቅርብ ዘመድ ሐቁን እንድንሰጥ ያዘናል። አንቀጽ 28 የምንሰጠው አጥተን ፊታችንን ስናዞር እንኳ ለስላሳ ቃል እንድንናገር ያዘናል። አንቀጽ 29 ደግሞ እጃችንን ከአንገታችን ጋር አስረን እንዳንሰስት፣ ጨርሰንም ዘርግተን በኋላ ተጸጽተን እንዳንቀመጥ ያስጠነቅቀናል። መስጠት፣ በመልካም ቃል መከልከል፣ በልክ መሆን፤ ሦስቱም የአላህ ትእዛዝ ናቸው። የእናንተ ሥራ የትኛው ለየትኛው ዘመድ እንደሚስማማ መለየት ነው።

1. መጀመሪያ ዕዳው ከየት እንደመጣ እወቁ

ወላይታ ውስጥ ያደገ ሰው ዕዳ በምን በር እንደሚገባ ያውቃል። መሬቱ ጠባብ፣ የሚቀመጥበት ሰው ብዙ ነው። የማዳበሪያና የዘር ገንዘብ የሚፈለገው አዝመራው ከመድረሱ በፊት ነው፤ አዝመራው ደግሞ በዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በቦሎሶ ቦምቤና በአካባቢው ዝንጅብል የብዙ ቤት የገንዘብ ምንጭ ነበር። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በባክቴሪያ የሚመጣ አጠውልግ በሽታ ገብቶ ማሳውን አጠፋው። ዝንጅብሉን ሸጦ እከፍላለሁ ብሎ የተበደረ ገበሬ ምን ጥፋት ነበረበት?

ሶዶ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዕዳ ሌላ መልክ አለው። ባለ ሱቁ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ዕቃው ሳይሸጥ ቀኑ ይደርሳል። አንዱ በብድር የገዛው ባጃጅ ተበላሽቶ ይቆማል። አንዷ እቁቡ ቀድሞ ደርሷት ለሕክምና ከፍላው ቀሪውን መጣል አቅቷታል። ሌላው ልጁን ወደ ዐረብ አገር ወይም ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመላክ ለደላላ ከፍሎ ልጁ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስለ ስፖርት ውርርድ ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ በስልክ ተጀምሮ የቤት ዕቃ እስከ መሸጥ የደረሰውን ቤት አይታችኋል።

ልዩነቱ ለፍርዳችሁ ትልቅ ነው። በበሽታ፣ በድርቅ፣ በገበያ ውድቀት የተያዘ ሰው አደጋ የደረሰበት ነው። በውርርድ የተያዘው ደግሞ አሁንም ውኃ የምታፈስ እንስራ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቀዳዳዋ ካልተደፈነ የምትጨምሩት ሁሉ ይፈስሳል። ሁለቱም ዘመዶቻችሁ ናቸው፣ ሁለቱንም መርዳት ይገባል፤ የሚረዱበት መንገድ ግን አንድ አይደለም።

2. ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዕዳ ለሰመጠው ሰው ምን አደረጉ?

አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ ኢማም ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ልክ የእኛን ጉዳይ ይመስላል። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን አንድ ሰው በገዛው ፍራፍሬ ላይ አደጋ ደረሰበትና ዕዳው በዛ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰዎች ሰደቃ እንዲሰጡት አዘዙ። ሰዎች ሰጡ፤ የተሰበሰበው ግን ዕዳውን አልሞላም። ያኔ ወደ አበዳሪዎቹ ዞረው ያገኙትን እንዲወስዱ፣ ከዚያ ውጭ ከእርሱ የሚጠይቁት እንደሌለ ነገሯቸው።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። ፍራፍሬው እንደ ዝንጅብሉ ነው፤ የሰውየው ስንፍና አልተጠቀሰም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዕዳው ላይ ሌላ ዕዳ እንዲጨምር አላደረጉም፤ ያዘዙለት ስጦታ ነው። ሸክሙንም በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ አልጫኑትም፤ ለብዙዎች አካፈሉት። ገንዘቡ ሳይበቃ ሲቀር ደግሞ አበዳሪዎቹን ፊት ለፊት አነጋገሩ።

እኛ የምናደርገው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ነው። ሰውየው ለብቻው በምስጢር ይዞራል፤ ከአንዱ ተበድሮ ለሌላው ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ዘመድ ከሌላው ሳይማከር ጥቂት ጥቂት ያበድራል። በዓመቱ መጨረሻ ዕዳው እንዳለ ነው፤ በላዩ ላይ አምስት የተቀየሙ ዘመዶች ተጨምረዋል።

3. ብር ከማውጣታችሁ በፊት ወረቀት አውጡ

ዘመዳችሁን በአክብሮት አስቀምጡና እንዲህ በሉት፦ «አጎቴ፣ ልረዳዎት እፈልጋለሁ። ግን ሙሉውን ልወቅ። ለማን፣ ስንት፣ እስከ መቼ?» ሁሉንም ጻፉት። ይህ ማዋረድ አይደለም። በሙስሊም በተዘገበው የቀቢሳ (ረ.ዐ.) ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጠየቅ የሚፈቀድላቸውን ሦስት ዓይነት ሰዎች ሲዘረዝሩ፣ ድህነት የደረሰበት ሰው ከወገኖቹ ሦስት አስተዋይ ሰዎች ችግሩን እስኪመሰክሩለት ድረስ ብለዋል። ማጣራት የሱና መሠረት አለው።

ምሳሌ እንውሰድ። የአጎታችሁ ዕዳ ሲጻፍ እንዲህ ሆነ እንበል፦ ለጅምላ ነጋዴ 70,000 ብር፣ የእቁብ ቀሪ 20,000 ብር፣ ከአራጣ አበዳሪ 40,000 ብር። በድምሩ 130,000 ብር። አራጣው በወር 10 በመቶ ነው። ማለትም በየወሩ 4,000 ብር ይከፍላል፣ ዋናው 40,000 ግን አይነካም። በ10 ወር 40,000 ብር ከፍሎ፣ የተበደረውን ያህል መልሶ፣ አሁንም 40,000 ብር አለበት።

አሁን 20,000 ብር አበድሩኝ አላችሁ። ዝም ብላችሁ ብትሰጡት ምን ይሆናል? አምስት ወር የአራጣ ይከፍልበታል። ገንዘባችሁ ያልቃል፣ ዕዳው 130,000 እንደሆነ ይቀራል፤ የእናንተ ሲጨመር 150,000 ይሆናል። ያበደራችሁት ለአጎታችሁ መስሏችሁ ነበር፤ የተቀበለው ግን አራጣ አበዳሪው ነው።

ወረቀቱ ላይ ስታዩት ግን መንገዱ ይታያል። መጀመሪያ መቆም ያለበት አራጣው ነው። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 279 አላህ ለአበዳሪ የሚገባው ዋናው ገንዘቡ ብቻ እንደሆነ ወስኗል። አራጣ በአገራችን የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ስለዚህ ሽማግሌ ይዞ አራጣ አበዳሪውን ማነጋገር፣ የተከፈለውን ማስቆጠር፣ ቀሪውን በዋናው ገንዘብ ልክ መዝጋት ይቻላል። 20,000 ብራችሁ ለዚህ ድርድር ከዋለ የአንድ ቤት አንገት ላይ ያለውን ገመድ ሊቆርጥ ይችላል።

4. ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ልባችሁ ውስጥ ለዩት

ብዙ ዝምድና የሚበላሸው ገንዘብ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ሰጪው በአፉ «ብድር» ይላል፣ በልቡ «አይመልስም» ይላል። ተቀባዩ በአፉ «እመልሳለሁ» ይላል፣ በልቡ «ልጄ ነው፣ አይጠይቀኝም» ይላል። ከዓመት በኋላ ሁለቱ ሰርግ ቤት ሲገናኙ አንዱ በአንዱ ሰላምታ ውስጥ ሌላ ነገር ይሰማል።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ።

የመጀመሪያው፦ ይህ ሰው የመክፈል አቅም ሊያገኝ ይችላል? ሱቁ እየሠራ ለሁለት ወር ብቻ የተያዘ ከሆነ ብድር ይጠቅመዋል። ገቢ የሌለው፣ የታመመ፣ ያረጀ ከሆነ ግን ብድር ሌላ ሸክም ነው፤ የቻላችሁትን ያህል ትንሽም ቢሆን ስጡት፣ ስጦታ መሆኑንም ንገሩት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለድሃ የሚሰጥ ሰደቃ አንድ ምንዳ፣ ለዘመድ የሚሰጥ ግን ሁለት እንዳለው አስተምረዋል፤ ሰደቃም ነው፣ ዝምድናንም መቀጠል ነው።

ሁለተኛው፦ ይህ ገንዘብ ባይመለስ ቤቴ ይቆማል? የቤት ኪራይ፣ የእናታችሁ መድኃኒት፣ የታናሽ እህታችሁ ትምህርት፣ የራሳችሁ ዕዳ ይቀድማሉ። የልጆቻችሁን ቀለብ አንስቶ ለአጎት ማበደር ቸርነት አይባልም። ለማበደር ብላችሁ እናንተ በወለድ መበደር ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ የሰውን እሳት ለማጥፋት የራስን ቤት መለኮስ ነው። በስልክ በደቂቃ የሚገኘው ብድርም ስሙ «የአገልግሎት ክፍያ» ስለተባለ ብቻ አያዘናጋችሁ፤ ውሉን አንብቡ፣ ዐሊም ጠይቁ።

ሦስተኛው፦ ገንዘቡ ችግሩን ይደፍናል ወይስ ይመግበዋል? በውርርድ ወይም በሌላ ሱስ ለተያዘ ዘመድ ጥሬ ብር መስጠት መርዳት አይደለም። በሱረቱን ኒሳእ አንቀጽ 5 አላህ ገንዘብ መያዝ ለማይችሉ ሰዎች ገንዘብ እንዳናስረክብ፣ ነገር ግን እንድናበላቸው፣ እንድናለብሳቸውና መልካም ቃል እንድንናገራቸው ያዝዘናል። እንዴት ያለ ሚዛን ነው! ብሩን ያዙ፤ ጤፉን ግዙ፣ የልጆቹን ደብተር ግዙ፣ የቤት ኪራዩን ለአከራዩ በቀጥታ ክፈሉ። ፊታችሁን ግን አትንፈጉት።

5. ዋስ መሆን ከማበደር ይቀላል ያለ ማን ነው?

ብዙ ወጣት «ብር የለኝም፣ ግን ዋስ እሆናለሁ» ሲል ቀለል ያለውን የመረጠ ይመስለዋል። ደመወዝተኛ የሆናችሁ በተለይ ተጠንቀቁ። በቡድን ዋስትና በሚሰጥ ብድር አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይከፍላሉ፤ በደመወዝ ዋስትና ደግሞ የሚቆረጠው ከእናንተ ነው። ዋስ ማለት ባለዕዳ ማለት ነው፤ ቀኑ ገና ያልደረሰ ባለዕዳ።

አንድ ሰው ሞቶ ጀናዛው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበ። ሦስት ዲናር ዕዳ እንዳለበትና ያስቀረው ነገር እንደሌለ ሲሰሙ ሶሐቦችን ስገዱበት አሉና እርሳቸው አልሰገዱም። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕዳውን እኔ እወስዳለሁ አሉ፤ ያኔ ሰገዱበት። ቡኻሪ ዘግበውታል። አቡ ቀታዳ ቃላቸውን የሰጡት መጠኑን አውቀው ነው፤ ሦስት ዲናር። እናንተም ከመፈረማችሁ በፊት መጠኑን እወቁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 1922 ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። መጠኑ ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ብድሩ በወለድ ከሆነ ደግሞ ዋስ መሆን የሐራም ውል ደጋፊ መሆን ነው፤ «አጎቴ፣ በዚህ አልችልም» ማለት ይሻላል።

6. ጻፉት፤ መጻፍ አለመተማመን አይደለም

በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ስለ ዕዳ ነው፤ በቀራህ 282። አላህ ብድር ትንሽም ይሁን ትልቅ እስከ ጊዜው እንዲጻፍ፣ ምስክር እንዲቆምበት ያዘዘው ለባዕድ ሰው ብቻ አይደለም። ዘመድን አልነጠለም።

በአገራችን ሕግም መጻፍ ቁም ነገር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም መሐላ ካልተፈጸመ በቀር ማስረዳት እንደማይቻል ይናገራል። ስለ ጽሑፍ ውል የሚደነግገው ክፍል ደግሞ ሁለት ምስክር ይጠይቃል። ዛሬ 500 ብር የአንድ ቀን የገበያ ወጪ ነው። ስለዚህ የምታበድሩት ሁሉ ማለት ይቻላል መጻፍ አለበት።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። የሁለታችሁ ስም፣ የገንዘቡ ልክ፣ ያለ ወለድ መሆኑ፣ የሚመለስበት ቀን ወይም በየወሩ የሚከፈለው፣ የሁለታችሁና የሁለት ምስክሮች ፊርማ፣ ቀን። በባንክ ወይም በስልክ ስትልኩ ምክንያቱን «ብድር» ብላችሁ ጻፉ። «ዘመዴን ወረቀት እንዴት እጠይቃለሁ?» ካላችሁ እንዲህ በሉ፦ «እኔ ነገ ብሞት ወራሾቼ እንዳያስቸግሩዎት፣ እርስዎም ዕዳ ኖሮብዎት ሳናውቅ እንዳንቀር።» እውነትም ነው። በሙስሊም ዘገባ ሸሂድ እንኳ ሁሉ ኃጢአቱ ሲማርለት ዕዳው ይቀራል። መጻፍ የዘመዳችሁን አኺራ መጠበቅ ነው።

7. ካበደራችሁ በኋላ

ቀኑ ደረሰ፣ ገንዘቡ አልመጣም። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ እያለው የሚያንገላታ ነው፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያለው ሰው መክፈልን ማዘግየቱ በደል እንደሆነ ተናግረዋል። ይህንን መጠየቅ፣ በሽማግሌ ማስጠየቅ ሐቃችሁ ነው። ሌላው ግን በእርግጥ የሌለው ነው። ለዚህኛው በቀራህ 280 ግልጽ ነው፦ እስኪመቸው መጠበቅ ግዴታ ነው፤ መተው ደግሞ የበለጠ መልካም ነው። የተቸገረን ባለዕዳ ጊዜ ለሰጠ ወይም ለተወለት ሰው አላህ በጥላው እንደሚያስጠልለው በሙስሊም ተዘግቧል። የሰባት ወይም የስምንት ሺህ ብር ጉዳይ በዚያ ቀን ጥላ ሊሆን ይችላል።

ከዕብ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ዕዳቸውን መስጊድ ውስጥ ሲጠይቁ ድምፅ ከፍ ብሎ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቤታቸው ሆነው ሰሙ። ወጥተው ግማሹን እንዲተዉ በእጃቸው ምልክት ሰጧቸው። ከዕብ እሺ አሉ። ባለዕዳው ደግሞ ተነስቶ ቀሪውን እንዲከፍል ታዘዘ። ይህን የዘገቡት ቡኻሪና ሙስሊም ናቸው። ሁለቱም አንድ እርምጃ ሄዱ፤ አንዱ ተወ፣ ሌላው ከፈለ። ሽማግሌ ስትሆኑ ይህን አስታውሱ፤ አንዱን ብቻ የምታስቆርጡ ከሆነ እርቁ አይቆይም።

አንድ ነገር ግን አደራ። የሰጣችሁትን በለቅሶ ቤት፣ በሰርግ፣ በቤተሰብ የስልክ ግሩፕ ላይ አታውሩ። በቀራህ 264 መመጻደቅና ማስከፋት ሰደቃን ከንቱ እንደሚያደርጉ አላህ ያስጠነቅቃል። ብር ሰጥታችሁ ክብሩን ከወሰዳችሁበት፣ የወሰዳችሁት ከሰጣችሁት ይበልጣል።

8. ለብቻችሁ አትሸከሙ

የሐዲሱ ትልቁ ትምህርት ሸክሙን ማካፈል ነው። ከቻላችሁ በዘመዳችሁ ፈቃድ አራት አምስት የቅርብ ቤተሰብ ሰብስቡ። ወረቀቱን አውጡ። ማን ምን ይችላል? አንዱ 3,000 ይሰጣል፣ አንዱ በወር 500 ለስድስት ወር፣ አንዱ ከጅምላ ነጋዴው ጋር ተነጋግሮ ክፍያውን በየወሩ ያስደርጋል፣ አንዷ ልጁን ለጊዜው እሷ ቤት ታስቀምጣለች። ብር የሌለው ጉልበት አለው።

ዘካም አለ። በሱረቱት ተውባ አንቀጽ 60 ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ ባለዕዳዎች ናቸው። ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለአክስት ልጅ ዘካን መስጠት ይቻላል፤ ስለ ወላጅና ስለ ልጅ ዕዳ ግን ዐሊም ጠይቁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከዚህ በፊት ያበደራችሁትን «ዘካዬ ይሁንልኝ» ብላችሁ መሰረዝ እንደማያብቃቃ አብዛኞቹ ዑለሞች ይናገራሉ።

ሌላው መንገድ ከብድር ይልቅ ሽርክና ነው። ወላይታ ውስጥ «ኮታ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ አንዱ ከብቱን ይሰጣል፣ ሌላው ያረባል፣ ጥቅሙን ይካፈላሉ። ሠርቶ መብላት ለሚችል፣ ካፒታል ብቻ ለጎደለው ዘመድ ጊደር ወይም በጎች በእንዲህ ያለ ውል መስጠት 20,000 ብር ከማበደር ሊሻል ይችላል። ኪሳራም ቢመጣ ሁለታችሁም ትሸከሙታላችሁ። የውሉን ዝርዝር ሸሪዓዊ እንዲሆን የአካባቢያችሁን ዑስታዝ አማክሩ። ከወለድ ነፃ ባንክም አለ፤ የመጀመሪያው ዘምዘም ባንክ ሥራ የጀመረው በ2013 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን አሠራራቸው በብዛት ዕቃ ገዝቶ በመሸጥ ወይም በሽርክና ላይ የቆመ ስለሆነ፣ የቆየ ዕዳ ለመክፈል ጥሬ ብር የሚሰጡ አድርጋችሁ አታስቡ።

ለወደፊቱ ደግሞ ከጎረቤቶቻችን አንድ ነገር እንማር። ወላይታዎች ለጊፋታ በዓል በሬ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ያጠራቅማሉ። ቤተሰባችሁም ለችግር ቀን እንዲሁ ሊያጠራቅም ይችላል። አሥር ሰው በወር 200 ብር ቢያስቀምጥ በዓመት 24,000 ብር ይሆናል። ቀጣዩ ሰው ሲወድቅ ወደ አራጣ ቤት አይሮጥም።

9. ዘመዴ ሙስሊም ባይሆንስ?

ወላይታ ውስጥ ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው፤ የብዙዎቻችሁ አክስትና አጎት ክርስቲያን ናቸው። ይህን ጥያቄ በጽሞና ለምትጠይቁ፦ የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ.) ገና ያልሰለመች እናታቸው መጥታባቸው ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲጠይቁ፣ ዝምድናዋን እንዲቀጥሉ ታዝዘዋል። ብድርና ሰደቃ ለእነርሱም ይቻላል። ዘካ ብቻ በአብዛኞቹ ዑለሞች ዘንድ የራሱ መስፈርት አለው። የአክስታችሁ ዕዳ ቀን ስታቃልሉ ስለ ዲናችሁ ያላችሁትን ሁሉ በሥራ ተናግራችኋል።

10. ተበዳሪው አንተ ወይም አንቺ ከሆንሽ

ይህን የሚያነብ ወጣት ባለዕዳም አለ፤ እናውቃለን። ለመክፈል አስቦ የሰውን ገንዘብ የወሰደን ሰው አላህ ይከፍልለታል፤ ለማጥፋት የወሰደውን ያጠፋዋል። ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ኒያችሁን አስተካክሉ። ስልክ አትዝጉ። «የለኝም» ማለት ያሳፍራል፣ መዋሸት ግን ያዋርዳል፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ የነበረው ባለዕዳ ሲናገር ስለሚዋሽ፣ ቃል ሲገባ ስለሚያፈርስ እንደሆነ ነግረውናል። 500 ብርም ብትሆን በቀኗ ላኩ፤ አበዳሪያችሁን የሚያረጋጋው ከመጠኑ ይልቅ ቃሉ መከበሩ ነው።

ስለዚህ መልሱ ምንድነው?

ለተቸገረ ዘመድ ጀርባ መስጠት አይፈቀድም። ዓይን ጨፍኖ ብር መስጠትም አይመከርም። እወቁ፣ ከዚያ ወስኑ። የመክፈል ተስፋ ካለውና ካላችሁ፣ አበድሩ፣ ጻፉት፣ ታገሡ። ተስፋ ከሌለው፣ የማይጎዳችሁን ያህል በስጦታ ስጡ። ገንዘቡ የሚያጠፋው ከሆነ ብሩን ትታችሁ ቀለቡን ያዙለት። ምንም ከሌላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውላችሁ በለስላሳ ቃል ንገሩት። ግልጽ የሆነ «አልቻልኩም፣ ግን አብሬህ ሄጄ ሰውየውን አነጋግርልሃለሁ» ከተንጠለጠለ ተስፋ ይሻላል።

ዛሬ ከዐስር በኋላ፣ ዱዓ ተቀባይነት አላት በምትባለው የጁሙዓ ሰዓት፣ ስልኩን ያላነሳችሁለትን አንድ ዘመድ አስቡ። ዱዓ አድርጉለትና ደውሉ።

ያ አላህ! በዕዳ የተያዙ ወንድሞቻችንንና እህቶቻችንን ዕዳ አቅልልላቸው። ከሐራም በሐላልህ አብቃቃን። እጃችንን ከስስትም ከብክነትም ጠብቅልን። የላሉ ዝምድናዎቻችንን አጥብቅልን። ማንኛችንም የሰው ሐቅ በአንገታችን ኖሮ ወደ አንተ እንዳንመጣ አድርገን። አሚን።

በዛሬዋ ቀን በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሰለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ከህፍን መቅራትን አትርሱ። ለሚጠቅመው ዘመድና ጓደኛ አድርሱት። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።